ባለ ቃጭሉ ታንክ

ሐሙስ፣ ጥር 15

ለሚመለከተው ሁሉ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የገባበት ጠፍቶ የነበረው የላይኛው ረድፍ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በታንክ ሣጥኔ ውስጥ፣ በሁለት ከባድ ታንኮች መካከል፣ ምንም ጉዳት ሳይደርስበት ተገኝቷል። በፍለጋው ለተባበራችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

የተባበረኝ የለም እንጂ... ባለቤቴማ “ያለሱ ዝም ስለምትል ይቆይ” ነው ያለችው።

የልጅ ልጄ ስትሰማ ሳቀች። ሥራዋ ጥርስ መሥራት ነው። የእኔንም የሠራችው እሷ ናት፤ ከድዱ በተረፈው ሮዝ ዱቄት ደግሞ ለትንንሾቹ የጨዋታ ታንኮቼ መድፍ ተሸካሚ ጭንቅላት ታወጣልኛለች። ጥርሴ የሄደው እንግዲህ ወደ ዘመዶቹ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

እኛ የታንክ ጨዋታ ወዳጆች እንደ ወትሮው ጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ጓዳ ተሰበሰብን። ረጅሙ ጠረጴዛ፣ አረንጓዴው ጨርቅ፣ የካርቶን ኮረብቶች። መዳፍ የሚያካክሉ ታንኮች እየገፋን፣ ባለ ስድስት ገጹን ዳይ እየወረወርን የድሮውን የሶቪየትና የጀርመን ጦርነት እንደገና እንዋጋለን። ውጤቱ በየሳምንቱ ይለያያል።

ደንቡ ግድግዳው ላይ ነው፤ የባለሱቋ የእጅ ጽሑፍ። ብርቅ ታንክ ያለ ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ማስረጃ ማለት ፎቶግራፍ፣ ወይም የፋብሪካ ንድፍ፣ ወይም ታንኩን በእጁ የዳሰሰ ሰው ቃል። በእጁ የዳሰሰ ማን አለ? እኔ ብቻ። አሥራ አንድ ዓመት የታንክ መካኒክ ነበርኩ። ለሥልጠና ሶቪየት የላኩን ጊዜ ሙዚየም አስገብተውን ባለ አምስት ጭንቅላቱን ቲ-35 በዚህ መዳፌ ነክቼዋለሁ። ጠባቂው ሲጮህብኝ ለቀቅኩት።

ሚሊሜትር ዛሬ ሊያበሽቀኝ ነው የመጣው። ሚሊሜትር የምለው አማቼን ነው፤ የእሱ ልጅ የእኔን ልጅ አግብቷል፤ ጥርስ ሠሪዋ የሁለታችንም የልጅ ልጅ ናት። ዕድሜውን የሕንፃ ንድፍ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ማስመሪያውን ከኪሱ ሳያወጣ ሰላም የማይል ሰው። አዲሱን ታንኬን ብድግ አደረገው።

“አረንጓዴው በዝቷል።”

“ክረምት ነው” አልኩት።

“ሰንሰለቱም ግማሽ ሚሊሜትር ሰፍቷል።”

“ወፍሮ ነው።”

ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ የራሱን ቲ-35 ከጥጥ ውስጥ አወጣ... ገና አልተቀባም፤ አምስቱም ጭንቅላት ግን በየቦታቸው ናቸው፤ በሦስቱ መድፍ፣ በሁለቱ መትረየስ። እንከን ፈለግኩ። አጣሁ። ምላሴን በላኝ።

“ቆንጆ ነው። ቃጭሏስ?”

“የምን ቃጭል?”

“አማቼ... አሥር ሰው የሚጭን ታንክ ነው። ያ ሁሉ የሞተር ጩኸት አለ። አዛዡ የኋለኛውን ተኳሽ በምን ይጠራዋል? በፉጨት?”

በግራው የጎን መከለያ በኩል ገመድ ታልፋለች፣ ጫፏ ላይ ቃጭል አለች አልኩት። ፊቴን እንዴት እንዳጠናሁት እኔም ገረመኝ።

“በእጅህ ነካሃት?”

“ነክቻት ጮኻ አይደል እንዴ ጠባቂው የነቃብኝ።”

ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

እሑድ፣ ጥር 18

ሦስት ጊዜ ደወለ። ቃጭሏ ነሐስ ናት ብረት? ብረት። ገመዷ ሲባጎ ናት ሽቦ? ሲባጎ። በዝናብ አትበሰብስም? ...ይህን አላሰብኩበትም። ሽቦ ናት አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ሚሊሜትር ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት እየዞረ ነው። ሰባት መጽሐፍ አገላብጧል፤ ቃጭል የለም። “ይገርማል” አለኝ፤ “ሁሉም ዘለዋታል።”

ሰው እኔን አምኖ ሰባት መጽሐፍ ሲጠራጠር ደስ አለኝ? አዎ፣ አለኝ። 

ቃጭሏን ቀርጻ ያወጣችለት የልጅ ልጄ ናት። የሰናፍጭ ፍሬ ነው የምታክለው።

“አባባ፣ እውነት ይህቺ ነገር ነበረች?”

“አንቺ ጥርስሽን ሥሪ።”

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የዓመቱ ውድድር መጋቢት 6 ነው። ዳኛው ከሌላ ከተማ ይመጣል። ሚሊሜትር ዘንድሮም ለታሪካዊ ትክክለኛነት ሽልማት ተመዝግቧል። አራት ዓመት ሞክሮ አራቴ ወድቋል፤ አምና በአንዲት ብሎን።

የማስረጃ ወረቀቱን አሳየኝ። ሠላሳ ሁለት መስመር፣ በዚያ ሥርዓት ባለው ጽሑፉ። መስመር 19፦ ቃጭል ከነሽቦዋ። ምንጭ፦ አማቼ።

እኔን ማለቱ ነው፤ በቀይ አስምሮበታል። ቃጭሏም ተለጥፋለች። ታምራለች እኮ... እውነት ብትሆን ምን ነበረበት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የልጅ ልጄ ጥርሴን ልትሞርድልኝ መጣች። ከአፌ አውልቃ መሞረድ ስትጀምር ነው ወሬውን ያመጣችው። ሆን ብላ ይመስለኛል።

“የዚያኛው አባባ እጅ እየተንቀጠቀጠ ነው። አይተሃል?”

ጥርሴ እሷ ዘንድ ነው፤ ምን ልመልስ።

“ሐኪሙ እየባሰ ይሄዳል ብሎታል። ያቺን ሽቦ ለማስገባት ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ይህ የመጨረሻዬ ነው፣ ከእንግዲህ አልሠራም አለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር።”

ዘጠኝ ቀን። እኔ በግማሽ ደቂቃ ለፈለሰፍኳት።

ዳኛው ሲያያት ይስቃል። አምስተኛው ውድቀት፣ የመጨረሻውም። ብናገርስ? ከዚያ ወዲያ ስለ ታንክ ምን ባወራ ማን ያምነኛል? “በእጁ የዳሰሰ” የምትለዋ ማዕረጌ አበቃላት። ከእሷ ሌላ ምን አለኝ... ጥርሴም የእኔ አይደለም።

እሑድ፣ የካቲት 23

ከልጅ ልጄ ዕቃ ውስጥ ወረንጦ ሰረቅኩ። ተዋስኩ እንበል። ሚሊሜትር እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ይተኛል፤ ታንኩ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ነው። ሐሳቤ ቃጭሏን ነቅዬ መሄድ ነበር። የተለጠፈ ነገር ይወድቃል፤ ማን ይጠይቀኛል?

ገባሁ። ያንኮራፋል። ቀረብኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ወረንጦዬን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት። “አማቼ፣ ቃጭል የሚባል ነገር የለም። ልቀልድብህ ብዬ ነው።”

ማስመሪያውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ቀኝ እጁን በግራው ሸፈነው።

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

“እስኪ ይሂዱ።”

ይሂዱ! ሃያ ስድስት ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው አንቱ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

አስጠራኝ። ደብተሩን ፊቴ ዘረጋው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ ታንክ ያወራሁለት በሙሉ ቁጥር ተሰጥቶት ተጽፏል። ስልሳ አራት ነገር። ከእያንዳንዱ ሥር፦ ምንጭ፦ አማቼ።

“ውሸቱን ይሰርዙልኝ።”

ሁለት ሰረዝኩ። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። አምስት ጨመርኩ። አሁንም ያየኛል። አሥራ አንድ ደረስኩ።

“ድቡስ? ታንከኞቹ ያሳደጉት ድብ?”

“...አሥራ ሁለት።”

“እሱን እወደው ነበር” አለ። ደብተሩን ዘጋው።

ቃጭሏን ራሱ ነቅሏታል። መስመር 19ንም ሰርዟል። ሽቦዋ የገባችባት ቀዳዳ ግን መከለያው ላይ ቀርታለች። ሊደፍናት ሞክሮ እጁ አልታዘዘውም። መግጠምና መቀባት በራስ እጅ ብቻ ነው ይላል የውድድሩ ደንብ፤ የልጅ ልጃችን ልታግዘው አትችልም። ቁጭ ብላ ታየዋለች። እኔም አየሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

የጓዳው ደንብ ተሻሽሏል። ባለሱቋ ከታች ጨምራበታለች፦ በእጁ የዳሰሰ ሰው ቃል (ከእሳቸው በስተቀር)። ከጎኑ ወደ ወንበሬ የሚያመለክት ቀስት አለ።

ወንበር ቀየርኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የትምህርት ቤት አዳራሽ። ዳኛው ቀጭን፣ መብራት ያለው ማጉያ መነጽር በእጁ፣ ሰላምታውም በቁጠባ ነው። ከኋላ ካለው ምሰሶ ጀርባ ቆምኩ። ሚሊሜትር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እጆቹን ኪሱ ከቷል።

ዳኛው ሠላሳ አንዱንም መስመር አንድ በአንድ አየ። ነቀነቀ፣ ጻፈ፣ ነቀነቀ። ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ማጉያው መከለያው ላይ ቆመ።

“ይህቺ ቀዳዳ ምንድን ናት?”

ሚሊሜትር በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። ሚስቱን ሲያጭ ዕድሜውን እስከ ቀኑ ቆጥሮ የነገራት ሰው ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

“የጥይት ፍንጣሪ ናት” አለ።

“ማስረጃ?”

ዞር ዞር ብሎ ፈለገኝ። ምሰሶው ቀጭን ነው፤ እኔ ደግሞ...

“ምስክር አለኝ። ያውና። አንተ፣ ና እስኪ ንገረው።”

አንተ አለኝ።

ሁሉም ዞሩ። ባለሱቋ አፏን በመዳፏ ያዘች። ወደ ጠረጴዛው እስክደርስ ያለው መንገድ እንዴት ይረዝማል። ዳግመኛ ላልዋሽ ለራሴ ምዬ ነበር። የሚሊሜትርን ቃል ላስተባብል ደግሞ አልችልም። ቀዳዳዋን ጎንበስ ብዬ አየኋት። ዘጠኝ ቀን የፈጀችው።

“ከጠላት የመጣች አይደለችም” አልኩ። “ከወዳጅ በኩል ነው የተመታው። ወዳጁም በጣም ተጸጽቷል።”

ዳኛው ማጉያውን ዝቅ አደረገ። “በጦርነት ያጋጥማል” አለና ጻፈ።

በታሪካዊ ትክክለኛነት አንደኛ፦ ሚሊሜትር። የተቀነሰበት ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። ምክንያት፦ አረንጓዴው በዝቷል።

በሰው ፊት አልሳቅኩም። ውጭ ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ጥርሴን በእጄ ይዤ ነው የሳቅኩት።

“ዋሸሁ እኮ” አለኝ፤ ሽልማቱን በሁለት እጁ አቅፎ።

“ለጀማሪ አልከፋህም።”

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ደብተሩን አወጣ። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ፊደሎቹ እየተጣመሙበት ጻፈ፦ 65. የወዳጅ ፍንጣሪ። ምንጭ፦ አማቼ። ማስመሪያ አልፈለገም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ጠዋት ሚሊሜትር መጣ። አንኳኩቶ አይደለም፤ እንደ ድሮው ዝም ብሎ ገባ። ለከርሞ ሌላ ብርቅ ታንክ አስቧል፤ ሁለት ጭንቅላት ያለው። እሱ ይለካል፣ የልጅ ልጃችን ትሠራለች፤ የምትወዳደረውም እሷ ናት። “አንተ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ” አለኝ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጥርሴን ደብቄ እጀምራለሁ።

ሲሄድ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ማንም የማያየው ደብተር ላይ መዋሸት ምን ይባላል? የካቲት 24 የተጻፈው ጀግንነት አልነበረም። ያን ቀን የማንንም በር አላንኳኳሁም። የሆነው እሑድ የካቲት 23 ነው፤ ወረንጦዋን ቃጭሏ ላይ እንዳሳረፍኩ ማንኮራፋቱ ቆመ።

“ምን ታደርጋለህ?”

“ዝንብ ነበረች።”

“በወረንጦ?”

ከዚያ በኋላ ነው የተናዘዝኩት፤ ጎንበስ እንዳልኩ፣ ወገቤ እንደተያዘ። “እስኪ ይሂዱ” ያለኝም ያኔውኑ ነው።

የቀረው ሁሉ እውነት ነው። ምንጭ፦ እኔ።