ለፊርማ ብቻ የመጣችው ሴት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ለሕክምና ትምህርት ሳላልፍ ቀርቼ በአንድ ዶክተር ክሊኒክ ረዳት ሆኜ ስቀጠር፣ «ነጭ ጋዋን ለብሶ ተራ መጥራትም ሥራ ነው?» ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳንገናኝ ሦስት ዓመት አለፈ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ልወቅስህ አይደለም፤ የምሥራች አለኝ።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መጣች፤ ልብስ ሰፊ ናት። «ራሴን አሞኝ ከሥራ ቀርቼ ነው፤ ለአለቃዬ የማሳየው ወረቀት ብቻ ይፈረምልኝ» አለች። ክሊኒኩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ካርድ የምታወጣው ባልደረባዬ፣ «አንድ ፊርማ ናት፤ ቶሎ ሸኚያት» አለችኝ። የእኔ ዓይን ግን ቀለበቷ ላይ ነበር፤ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

«ጠቦሽ ነው?»

«እጄ አብጦ። የእርግዝና ነው አሉኝ።»

አስቀምጬ የደም ግፊቷን ለካሁ። መቶ ሰባ በመቶ አሥራ አምስት። መሣሪያው ተሳስቶ እንዳይሆን ብዬ በሌላው ክንዷ ደገምኩ፤ ያው ነው፤ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ቁጥር።

«ዓይንሽንስ ብዥ ይልሻል?»

«ከትናንት ጀምሮ» አለች፣ ስለ ጉንፋን እንደምታወራ ሁሉ።

ዶክተሩ በሽተኛ እያየ በሩን መንካት ክልክል ነው። አንዴ አንኳኩቼ ሰው ፊት አሸማቅቆኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ፤ ያንተም ንግግር መጣብኝ። ዞር ስል ሴትዮዋ ግንባሯን ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። በሩን ከፈትኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ዶክተሩ ተቆጥቶ።

«ነፍሰ ጡር ናት። ግፊቷ መቶ ሰባ በመቶ አሥራ አምስት፤ ሁለቴ ለክቻለሁ። ዓይኗን ብዥ...»

ሳልጨርስ ተነሥቶ ወጣ። አምቡላንስ ተጠራ። እሷ «ወረቀቴስ?» እያለች፣ እኔ እጇን ይዤ ሆስፒታል ገባን። በዚያው ቀን በኦፕራሲዮን ወለደች። የሆስፒታሉ ሐኪም ለእኛው ዶክተር ደውሎ፣ «ቤቷ ሄዳ ቢሆን ሁለቱንም እናጣቸው ነበር» አለው።

ትናንት ልጇን ታቅፋ መጣች። ስትወለድ ኪሎ ተኩል ያልሞላችውን ልጅ እኔው ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት፦ ሦስት ኪሎ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ሳነብ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዶክተሩም ከክፍሉ ወጥቶ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ከእንግዲህ እሷ ግፊቷን ሳትለካላት አንዲትም ነፍሰ ጡር ከዚህ ቤት አትወጣም። በሬንም በፈለገች ሰዓት ትክፈተው» አለ፣ በሰው ፊት።

ወንድም ጋሼ፣ ዶክተር አልሆንኩም። ይህን ሥራ ግን እወደዋለሁ፤ ጎበዝም ነኝ። ማንም ቢጠይቀኝ አሁን አንገቴን ሳልደፋ እናገራለሁ። ናፍቀኸኛልና ና። ጨው እንደምታበዛ ስለማውቅ ግን፣ ተቃቅፈን እንደጨረስን መጀመሪያ ክንድህን ተቀብዬ ግፊትህን ነው የምለካው።

በሥራዋ የኮራች ታናሽ እህትህ