በሟቹ አባቴ ጥያቄ ስለተነቀለው የውሃ ቆጣሪ

ለተከበሩ የጽሩይ ውሃ አቅርቦት አክሲዮን ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ
አቃቂ ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ግቢዎ በር የጠነከረ፣ ቧንቧዎም እንደ እኛው ቧንቧ ያልደረቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። ሰርጎ ገቦች ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገብተው የደንበኞችን ስም፣ ስልክና የቆጣሪ ቁጥር መዝረፋቸውን ከተዘረፍን በሁለተኛው ወር፣ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ በለጠፋችኋት አንዲት ወረቀት ስላሳወቃችሁን ውለታችሁ አይረሳም። ብትቸኩሉ ኖሮ እንደነግጥ ነበር።

አንደኛ፤ ከተዘረፉት ስሞች አንዱ የአባቴ የአቶ ፍቅርተማርያም ነው። አባቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ውሉን ወደ ራሷ እንድታዞር እናቴን ወይዘሮ የሺሐረግን ብንለምናት «ተዉት፣ ስሙ በየወሩ በቢሉ ላይ ይምጣልኝ» ብላ ከለከለችን። ጥፋታችን ይኸው ነው፤ አንክድም። ባለፈው ወር አንድ ሰው «አቶ ፍቅርተማርያም ነኝ» ብሎ ደወለላችሁ፤ የቆጣሪ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራ፤ ውሉ ተቋርጦ የመያዣው ገንዘብ እንዲመለስለት ጠየቀ። ገንዘቡን ላካችሁለት፤ በማግስቱም መጥታችሁ ቆጣሪውን ነቀላችሁ። እኛ ጠይቀን በማግስቱ የተደረገልን ነገር ስለሌለ ቅልጥፍናችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፤ ሕጋዊ አማራጮቻችንን በደብዳቤ ስለገለጻችሁልን እናመሰግናለን። አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው የውሉ ባለቤት ብቻ ሲሆን፣ የታደሰ መታወቂያ ይዞ በአካል መቅረብ አለበት ብላችኋል። አባቴ ቀጠሮ አክባሪ ነበሩ፤ ይህኛው ግን የሚሳካላቸው አይመስለኝም።

ሦስተኛ፤ ሳሪስ ድረስ ሄጄ ጠበቃ ሳህሌን አማከርሁ። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ እንዳለ፣ መክሰስም እንደምንችል በደስታ ነገሩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እናቴ የወራሽነት ማስረጃ እንደሚያስፈልጋት፣ ለእሱም ከወረዳ የነዋሪነት ደብዳቤ፣ ወረዳውም ደብዳቤውን ለመጻፍ የዚህን ወር የውሃ ቢል እንደሚጠይቅ አስረዱኝ። ቢሉ ቆጣሪ ይፈልጋል። ቆጣሪው እናንተ ዘንድ ነው። ጠበቃው መነጽራቸውን አውልቀው «ወንድሜ፣ መብቱስ አለህ» አሉኝ። የምክሩንም ዋጋ አልቀበልም አሉ፤ የጉዳያችንን ተስፋ የለካሁት ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ የለኝም። እናቴ በሰባ ስምንት ዓመቷ ከጎረቤታችን ከዙለይኻ ሱቅ በአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ትቀዳለች። ዙለይኻ «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» ብትላት «ያስቆረጠው ባሌ ነው አሉ፤ የሱን ጣጣ እኔው ልሸከም» ትላታለች።

ማስታወቂያችሁን ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ቆሞ ደጋግሞ የሚያነበው፣ ደንበኛችሁ እንኳ ያልሆነው ታዛዥዎ፣
ፈቀደ ፍቅርተማርያም

ግልባጭ፦
ለውሉ ባለቤት፣ ሳሪስ አቦ፣ መካነ መቃብር

ማሳሰቢያ፦ ስልኩን ያነሳው ሠራተኛችሁ «አቶ ፍቅርተማርያምን ራሳቸውን አነጋግሬአለሁ» ብሎ በመዝገብ ላይ ፈርሟል። እናቴ መዝገቡን አልተቃወመችም። ድምፁ እንዴት ነበር፣ ብላ እንድጠይቅላት ብቻ ለምናኛለች።