ሽሮን በግድግዳ ላይ ያቀረቡት የአቶ ሚሳኤል ገብረ መድኅን የሕይወት ታሪክ

አቶ ሚሳኤል ገብረ መድኅን ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድኅን ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ አምሳለ ደስታ በጥቅምት ወር 1950 ዓ.ም. ዛሬ ብስራተ ገብርኤል በሚባለው አካባቢ ተወለዱ። ያኔ ሰፈሩ ሜዳና ጭቃ ነበር። ጭቃው ግን ንጹሕ ጭቃ ነው፤ እንደ ዛሬው አፍንጫ አያሲዝም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። የእጅ ጽሑፋቸው ስላማረ መምህራኑ ሰሌዳውን የሚያስጽፉት እሳቸውን ነበር። በ1965 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው እናታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ፊሊጶስን የማስተዳደር ሸክም በጫንቃቸው ተሸከሙ። ይህን ጽሑፍ የጻፈው ፊሊጶስ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም። የዘመድ ልጅ ነው ብሎ አንድ ደብተር የገዛለት አጎት አልነበረም። የአጎቶቹ ልጆች ዛሬ ጥቁር ለብሰው ከፊት ቆመዋል፤ ያውቁታል።

አቶ ሚሳኤል በ1966 ዓ.ም. በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው የጭነት መኪና ጎንና ጀርባ ይጽፉ ጀመር። ሹፌር የፈለገውን ጥቅስ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ፊደሉን እንደ መኪናው ጠባይ ይጽፉታል። ለሚቸኩል ሹፌር ፊደሉ ወደፊት ያዘነብላል፤ ለዝግተኛው ቁጭ ይላል። በ1974 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ቤት ተከራይተው የራሳቸውን የማስታወቂያ ሥራ ከፈቱ።

እንግዲህ መካኒሳን የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ። የልብስ ሰፊዋን የወ/ሮ ዓለሚቱን በር ሸሚዝ አድርገው ቀቡት፤ መዝጊያውን ሲከፍቱት ሸሚዙ መሐል ለመሐል ይከፈታል፤ የበሩ እጀታ የሸሚዙ ቁልፍ ነው። ገበያተኛ ሸሚዝ ሳይፈታ አይገባም ነበር። የዝናብ ውኃ የሚወርድበትን አሸንዳ የዝሆን ኩምቢ አደረጉት፤ ክረምት ሲገባ ዝሆኑ ሰፈሩን ያጥባል። ለአንድ ሥጋ ቤት የሳሉት በሬ ደግሞ ፊቱ ፈገግ ያለ ስለነበር ባለቤቱ፣ «ይሄ በሬ ራሱ እኮ ነው የሚጋብዘው!» ብሎ መንገደኛ እያስቆመ ያሳይ ነበር። ያው ባለቤት በኋላ በሬውን ነቅሎ የዶሮ ቤት ጣሪያ አደረገው። አይተነዋል። ዶሮዎቹ በፈገግታው ላይ ምን ሲያደርጉበት እንደኖሩም አይተናል።

በ1976 ዓ.ም. የላፍቶ ገበሬ ልጅ ከሆኑት ከወ/ሮ ገዲሴ ሮበሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጸሙ። አማታቸው አቶ ሮበሌ በመጀመሪያ፣ «ግድግዳ የሚቀባ ሰው ልጄን ምን ሊያበላት ነው፤ ኖራ?» ብለው አልተቀበሏቸውም ነበር። የኋላ ኋላ የአቶ ሮበሌ ማሳ ተሸንሽኖ ቤት ሲሠራበት፣ አቶ ሚሳኤል በአማታቸው የቆርቆሮ አጥር ላይ ያንኑ የስንዴ ማሳ ከነድንበሩ፣ ከነዋርካው ሳሉላቸው። ሽማግሌው እስኪያርፉ ድረስ ከሰዓት ከሰዓት ወንበር እያስወጡ አጥራቸውን ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። በዚህ ጋብቻ አቶ ሚሳኤል ውዳሴ ሚሳኤልንና ኢሉ ሚሳኤልን አፍርተዋል።

ከዚያ ባነር የሚባለው መጣ። ማንም ኮምፒውተር ያለው ሰው በአንድ ሰዓት የሚያትመው፣ በሁለት ክረምት የሚነጣ ላስቲክ። የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ እየተጋፋ የእሳቸውን ሥራ አውርዶ ያንን ሰቀለ። አንዱ ጸጉር ቤት የማያውቀውን የፈረንጅ ጭንቅላት፣ ሌላው ምግብ ቤት በአገራችን የማይበቅል ሰላጣ። እድራችን እንኳ፣ አቶ ሚሳኤል በነጻ የጻፉለትን ሰሌዳ አውርዶ ባነር ሰቀለ። ባነሩ ላይ የሊቀ መንበሩ ፎቶ አለ። እድር የቀብር ነው ወይስ የምርጫ? አቶ ሚሳኤል ግን ቅር ሲላቸው አልታየም፤ ቅር ያለው ወንድማቸው ነው፤ ዛሬም ቅር እንዳለው ነው።

ስለ ግድግዳው እንናገር። ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ፣ የታክሲ ሰልፍ ከሚያዝበት አጠገብ ያለውን ረጅም የመጋዘን ግድግዳ የማያውቅ የለም። ወንዱ ሁሉ ፊቱን አዙሮ የሚቆምበት ነበር። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ቦርሳ የያዘ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሽበት ያወጣ አባወራ። ስም አንጠራም፤ ነጠላ ዘቅዝቆ የቆመ ሰው ይበቃዋል። በበጋ ዓይን ይለበልባል፤ በክረምት ከጎርፉ ጋር ወደ ሰው ደጅ ይወርዳል። ወ/ሮ ገዲሴ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ጉልት ይዘው ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጡ ነበርና ገበያተኛ አፍንጫውን ይዞ እያለፋቸው ሌላ ጉልት ሄዶ ይገዛል።

መጀመሪያ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ ተጻፈ፤ ጽሑፉ ላይ ሸኑበት። «በሕግ ያስቀጣል» ተባለ፤ ሸኑበት። ቀጥሎ «እዚህ የሚሸና ውሻ ነው» ተባለና ሰው ከነሳቁ እያነበበ ሸና። ወ/ሮ ገዲሴ በ2010 ዓ.ም. አንድ ምሽት ወደ ቤት ሲገቡ፣ «አንተ የሰውን በር ሸሚዝ ታለብሳለህ፤ ሚስትህ ሽንት ስትታጠን ትውላለች!» አሉ።  

አቶ ሚሳኤል በማግስቱ ግድግዳውን በበረኪና አሳጥበው፣ በነጭ ቀለም አልብሰው ሥራ ጀመሩ። የሳሉት ማዕድ ነው። ሰፊ ትሪ፣ በዙሪያው ሰው፤ ሰውም ሌላ ሳይሆን የሰፈሩ ሰው። ባለሱቁ ጀማሉዲን ነጭ ቆቡን አድርጎ፣ ልብስ ሰፊዋ ወ/ሮ ዓለሚቱ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች፣ አንድ የታክሲ ረዳት ብሩን በጣቶቹ መሐል እንደያዘ። ሁሉም ቀና ብለው የሚያዩት መንገደኛውን ነው። ወደ መንገዱ በኩል አንድ ቦታ ክፍት ትተዋል። በክፍቱ ቦታ አጠገብ ልጃቸው ውዳሴ የውኃ ማስታጠቢያ ይዛ፣ ጆጉን ወደ መንገደኛው ዘንበል አድርጋ፣ እጁን እስኪዘረጋ ትጠብቃለች። ከላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፤ «እንብላ»።

ትሪው ላይ ያለው ሽሮና ጎመን ነው። ለምን ሥጋ አላደረግህበትም ሲባሉ፣ «ሥጋ ካደረግሁ ጀማሉዲን ማን አረደው ይላል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዓለሚቱ ትነሳለች። ሽሮ ግን ከማንም አይጣላም» ብለው ነበር።

ቀለሙ ሳይደርቅ አንዱ መጣ። እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ፣ እጁን ወደ ቀበቶው ሰደደ፣ ቀና ሲል ማዕዱን አየ። ሰው «እንብላ» ሲባል አፉ ሳያስበው ይመልሳልና «ይባርክላችሁ» አለ። ከዚያ ያቺን ውኃ ይዛ የምትጠብቀውን ልጅ አየ። የራሱ እጅ በዚያች ሰዓት የት እንዳለ ያውቃል። ቀበቶውን አጥብቆ እየተቻኮለ ሄደ። ወ/ሮ ገዲሴ ከጉልታቸው ሆነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እህል ፊት ማን ይሸናል? ሕግን የማያፍር ሰው እህልን ያፍራል። ግድግዳው ሰባት ዓመት ደረቀ፤ የወ/ሮ ገዲሴም ቲማቲም ቲማቲም ሸተተ።

በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ የጽዳትና የውበት ኮሚቴ እንግዶች ሊጎበኙን ነው አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግድግዳውን አይቶ፣ «ሽሮ? እንግዳ ሲመጣ ሽሮ ነው የምናሳየው? ድህነታችንን ነው እንዴ በቀለም የምናስተዋውቀው!» አለ። ከሌላ ሰፈር ሠዓሊ አስመጥቶ በሽሮው ላይ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ በጎመኑ ላይ ቁርጥ አሣለበት። ሠዓሊውን አንወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ከታች በትልልቁ «በኮሚቴው አስተባባሪነት» ተብሎ የስድስት ሰው ስም ተጻፈ። የአቶ ሚሳኤል ስም የለም። ወሩ መጋቢት ነው። ክርስቲያኑ በዓብይ ጾም ላይ ነው፤ ሙስሊሙ በረመዳን ላይ ነው። በሁለቱም ጾም መሐል ቁርጥ! ይህን የሚያስብ ጭንቅላት የት ይገኛል ብትሉ፣ እኛ ሰፈር ነው።

ጀማሉዲን ወደ አቶ ሚሳኤል ቤት መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ጋሼ ሚሳኤል፣ እኔን የማን ሥጋ ላይ ነው ያስቀመጡኝ? ልጆቼ በዚያ ነው የሚያልፉት። እባክዎ ያንሱኝ» አላቸው። ወ/ሮ ዓለሚቱም፣ «በጾሜ ቁርጥ ያበላኝ ማነው?» ብላ መንገዱን ቀየረች። እንግዶቹም ሳይመጡ ቀሩ። ማዕዱ አንዴ ከተከፈለ በኋላ «ይባርክላችሁ» የሚል ጠፋ። ፋሲካ ሳይደርስ አንዱ ከዳር፣ ጎመኑ በነበረበት በኩል መሽናት ጀመረ። ቀስ በቀስ ወደ መሐል ገቡ። ውዳሴ የያዘችው ጆግ ድረስ ደረሱ። እኛ ሕዝብ እንዲህ ነን፤ ግድግዳው ይመስክር።

አቶ ሚሳኤል ቀለማቸውን ይዘው ሽሮውን ሊመልሱ ቢሄዱ የኮሚቴው ሰዎች «የጸደቀ ሥራ ነው፤ መንካት አይቻልም» ብለው መለሷቸው። ሁለት ጊዜ ሄዱ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ቀኝ እጃቸውንና እግራቸውን ያዛቸው። ምላሳቸውም ከበደ። ልጆቻቸውና ባለቤታቸው በሕክምናም በጸበልም ሳይሰለቹ አስታመሟቸው። እሳቸው ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጀማሉዲን... ትሪው ላይ ተመለሰ?» ስለ ጤናቸው ለጠየቃቸው ሁሉ መልሱ ይኸው ነበር። ተመለሰ ብሎ መዋሸት የፈለገም ነበር፤ ወ/ሮ ገዲሴ ከለከሉ።

በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ብሩሽ ይዘው የማያውቁት ወ/ሮ ገዲሴ ከአልጋ ሥር የተቀመጠውን ግማሽ ቆርቆሮ ቡናማ ቀለም አውጥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። መሰላል አላስፈለጋቸውም፤ ትሪው እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው። ሰብሳቢው እየሮጠ መጥቶ፣ «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይህ የመንግሥት ሥራ ነው!» አላቸው። «ልጄ፣ ሲሸኑበት ስታይ የመንግሥት አልነበረም?» አሉት። ዞር ሳይሉ ነው የመለሱለት። «ይኸው፣ አንተም ታጠብና ቅረብ።» በአደባባይ ሰው ሳቀበት፤ ሄደ። ወ/ሮ ገዲሴ ዶሮውን በሽሮ ሸፈኑት፤ ቁርጡንም ሸፈኑት። ሽሮ ለመሳል ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም፤ አብስሎ ማወቅ ይበቃል። የስድስቱንም ሰዎች ስም ሸፈኑ፤ ቀለሙ ስለተረፈ ነው አሉ።

በማግስቱ ልጃቸው ኢሉና ጀማሉዲን አቶ ሚሳኤልን በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። አቶ ሚሳኤል ትሪውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ጀማሉዲንን በግድግዳው ላይ አዩ፤ ከዚያ ወንበሩን የያዘውን ጀማሉዲንን አዩ። ሁላችንም እንባ ጠብቀን ነበር። «ወጡ... ቀጥኗል» አሉ። ወ/ሮ ገዲሴም፣ «ቀለሙን በውኃ አቅጥነህ ያስቀመጥከው አንተ! እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ?» አሏቸው። አቶ ሚሳኤል በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ትሪው አልጠየቁም።

አቶ ሚሳኤል ገብረ መድኅን በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ገዲሴ ሮበሌ፣ ከልጆቻቸው ከውዳሴና ከኢሉ፣ ከሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ከወንድማቸው ከፊሊጶስ ተለይተዋል።

ወንድማቸው ፊሊጶስ በግድግዳው ክፍት ቦታ ላይ የአቶ ሚሳኤል መልክ ከነሙሉ ስማቸው ይሣል ብሎ ነበር። እድሩም ዘግይቶም ቢሆን ተስማማ። ወ/ሮ ገዲሴ ግን እንቢ አሉ። «ቦታው የእንግዳ ነው። እሱ ባለቤት ነው፤ ባለቤት ቆሞ ነው የሚያስተናግደው» አሉ። ስለዚህ ስማቸው የትም አልተጻፈም፤ የተጻፈው እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ወረቀቱን እንኳ ጥላችሁት እንዳትሄዱ።

ድንኳኑ ከግድግዳው ትይዩ ተተክሏል። የሚቀርበውም ጾም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የሟች ፈቃድ ስለሆነ ሽሮ ነው። ከቀብር መልስ ሁላችሁም ግቡ፤ የበደላችኋቸውም ግቡ። ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ዞር ለማለት ያሰበ ሰው ካለ ግን ቀና ብሎ ይይ፤ ከማዕዱ ዙሪያ ስምንት ዓይን እያየው ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ ለማያውቁት መንገደኛ ማዕድ የዘረጉትን ወንድማችንን እግዚአብሔር በመንግሥቱ ክፍት ቦታ ይጠብቅላቸው። እጃቸውን የሚያስታጥብ አይጡ። «እንብላ» የሚላቸውም አይጡ።

አሜን።