በወገዳ ያለችው አንዲት ኤሲ

ሰኞ፣ ግንቦት 8

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መሆን ዛሬ አስጠላኝ። ከበላይ ደብዳቤ መጣ፦ ለአየር ንብረት ሲባል የአየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲ፣ ያላቸውን ሰዎች አሳምነህ እንዲቀንሱ አድርግ፣ አስፈርም፣ እስከ ዓርብ ሪፖርት ላክ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የወረዳችንን ከተማ ወገዳን ዞሬ ቆጠርኩ። ኤሲ አንዲት። እሷም ኃላፊዬ በረሃው መተማ ሠርቶ ሲመለስ ይዟት የመጣት፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ ያለችው። ጓሮ ያለው ጄኔሬተር ለእሷ ሲል ናፍጣ ሲጠጣ ይውላል።

የዝውውር ወረቀቴም እዚያው ቢሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ የሺ መካነ ኢየሱስ ብቻዋን ናት፣ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ኃላፊዬ ካልፈረመ አልሄድም።

ማክሰኞ

ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ኤሲዋን ከፍቶ ጋቢ ተከናንቧል፣ በግንቦት። ምን እንደፈለግሁ ሲጠይቀኝ ደብዳቤውን ከኋላዬ ደብቄ ስለ ዝውውሬ ጠየቅኩ። ከሪፖርቱ በኋላ እናየዋለን አለ። ፈሪ ነኝ።

ባዶ ሪፖርት ብልክ ሰነፍ እባላለሁ። እሱን ባስቀይም አለቀልኝ። ስም ብፈጥር ፊርማ ከየት አመጣለሁ?

ረቡዕ

የኃላፊዬ የንስሐ አባት ቄስ ጥላሁን ናቸው። ሄጄ ሁሉን አጫወትኳቸው፣ ጭሱንም፣ የዝናቡን መዛባትም። ስለ ዝውውሬ ግን አላነሳሁም፤ የግሌን ጉዳይ ከሥራው ጋር መቀላቀል አሳፈረኝ። ሳቁና ሁለት ሽማግሌ ይዤ ነገ እመጣለሁ አሉ።

ሐሙስ

ሦስቱም ነጫጭ ለብሰው ገቡ። ኃላፊዬ ብድግ ብሎ እንዲቀመጡ ለመናቸው። እንደ ወጉ፣ የመጣንበት ካልተፈጸመ አንቀመጥም አሉ። የቆሙት ግን ልክ ከኤሲዋ ሥር ነበር። አንዱ ሽማግሌ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ ቄሱን ሳል ያዛቸው።

ኃላፊዬ በር ላይ የቆምኩትን እኔን አየ። መሳቢያውን ከፈተ። ወረቀቴን አወጣ፣ እስክሪብቶ አነሳ።

«ገብቶኛል አባ፣ ስለዚህ ልጅ ነው የመጡት። ያሉኝን አደርጋለሁ፣ ብቻ ይቀመጡ።»

«እንግዲያ ይችን ማሽን አጥፋልን፣ ልጄ» አሉ ቄሱ።

እስክሪብቶው ቆመ። ስለ ዝውውሬም መናገር ሲገባኝ ከበሩ ኋላ ሸሸሁ። ኤሲዋ ጠፋች፣ ወረቀቴ ወደ መሳቢያው ተመለሰ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ዓርብ

ሪፖርት፦ ያመነ፣ አንድ። የኃላፊዬ ፊርማ አለው። የወረዳው ኤሲ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፣ ውሸት የለውም።

ኃላፊዬ ጋቢውን ጥሎ መስኮት ከፍቷል። ቂም የለውም፣ ይብሱን ወደደኝ። እንዳንተ ያለ ሠራተኛ በቀላሉ አልለቅም አለኝ።

የሺ ደወለች። ሁሉን ነገርኳት።

«ለእኛስ ሽማግሌ መላክ እንዴት አልታሰበህም?»

ወደ ቄሱ ሮጥኩ። አንድን ሰው ሳምንት ሳይሞላ ሁለቴ በሽማግሌ መለመን ነውር ነው፣ እስከሚመጣው ሐሙስ ታገስ አሉኝ። የሺ ሳትወልድ እስከ ሐሙስ ትቆይልኝ እንደሆነ አላውቅም።