«ሰርጉ ላይ ነበሩ ወይ?»

እህት ዓለም፣ ያስጠናሽኝ ጀርመንኛ ሠራ። እናቴ ስታገባ ትሠራበት የነበረውን ስፌት ቤት ዛሬ አገኘሁት። ባለቤቷን አሮጊት «ቫረን ዚ አውፍ ደር ሆኽጻይት?» አልኳቸው፤ ሰርጉ ላይ ነበሩ ወይ ማለቴ ነው። የማን ሰርግ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ጉዴ ፈላ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላጠናሁም። የእናቴን ስም ብቻ ጠራሁ። መቀሳቸውን አስቀምጠው ፊቴን ትክ ብለው አዩና «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ እያሉ አቀፉኝ። የሰርግ ቀሚሷን እዚያው የስፌት መኪና ላይ እንደሰፉት በእጃቸው አሳዩኝ፤ ከመሳቢያም ፎቶ አወጡ። እኛ ቤት የቀረችው የመታወቂያ ፎቶዋ እናቴ ኮስታራ ናት፤ ይቺኛዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በሳቅ ፍርስ ብላ ትጨፍራለች። ፎቶውን ሰጡኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እትዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአባዬ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ሲያያት ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።