የጓንት ፍየል

ጥቅምት 7፣ ሰኞ
እትዬ ሱአድ ከወይጦ ጂንካ ሆስፒታላችን ድረስ በሚኒባስ መጡ። ሻይ ቤት አላቸው። ከስትሮክ በኋላ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። እንደ ሁልጊዜው የስፖንጅ ኳስ ሰጥቼ «ይጭመቁ» አልኳቸው።
«ልጄ፣ ይሄ ወተት አለው?»
እሳቸው የሚፈልጉት ፍየላቸውን ማለብ ነው። ሳቅሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን... በፊዚዮቴራፒ ሦስት ዓመት ሙሉ ጡንቻ ብቻ ነው እንዴ ሳይ የኖርኩት?

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ
የሕክምና ጓንት ውሃ ሞላሁ። ጣቶቹን በሳሁና ከወንበር ላይ አንጠለጠልኩት፤ ከሥሩ ጣሳ። እትዬ ሱአድ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት አለቡ። ኳሷን እኮ ሁለት ደቂቃ አይጨምቁም። «የጓንት ፍየል» ብለው ስም አወጡላት። ወለሉን አጨቀየነውና የጽዳቷ ትጊ ተቆጣችን።
የክፍላችን ኃላፊ ተረፈ አየን። የጸሎት ጓደኛዬም ነው። «ቤቲ፣ ይሄ እኮ ራሱን የቻለ ሙያ ነው» አለኝ። «ኦኩፔሽናል ቴራፒ። ሰው የኑሮውን ሥራ መልሶ እንዲሠራ ማድረግ።»
ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። የኔ ሥራ ይሄ ይሆን?

ኅዳር 2፣ ዓርብ
ለዚሁ ሙያ ትምህርት ለዞናችን አንድ ቦታ መጣ። አንድ ብቻ። ፎርሙ «ለምን ይህን ሙያ መረጡ?» ይላል። ስለ ጓንቷ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ተረፈ ለስብሰባ ወደ ክልል ስለሚሄድ በአደራ ሰጠሁት። ፖስታው ላይ እጃችንን ጭነን ጸለይን። «ጌታ በሩን ይክፈትልሽ» አለኝ።

ኅዳር 25፣ እሑድ
ቤተክርስቲያን። ተረፈ ለምስክርነት ወጣ። «ጌታ የትምህርት በር ከፈተልኝ» አለ። አሜን አልኩ... ከሁሉ ቀድሜ፣ ጮክ ብዬ። ሌላ ኮርስ መስሎኝ። ከዚያ ስለ ጓንት ማውራት ጀመረ። ስለ ውሃው፣ ስለ ጣሳው። «ጌታ ይህን ጥበብ ሰጠኝ» አለ። ጉባኤው አጨበጨበ።


ኅዳር 26፣ ሰኞ
የታካሚ ካርድ ስፈልግ ከተረፈ መሳቢያ ፖስታዬን አገኘሁት። እንደታሸገ። ፊቱ አስቀመጥኩለት።
«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ብዙ ዕድል አለሽ። እኔ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ።»
«ለምን አልነገርከኝም?»
«ጸለይኩበት።»
ጸለየበት... እኔስ ከማን ጋር ነበር የጸለይኩት? ሌባ ቢሰርቀኝ እንዲህ አያንገበግበኝም። አደራ በላ።

ታኅሣሥ 12፣ ረቡዕ
ተረፈ ለትምህርቱ ሄደ። ሽኝቱ ላይ አልተገኘሁም። ራስ ምታት ነው አልኩ። ውሸት።

ጥር 17፣ ረቡዕ
ተረፈ ደወለ። ተማሪዎች ፊት ጓንቷን ሊያሳይ ነው። «ውሃው በአንዴ ይፈስብኛል፤ በምን ነበር የበሳሽው?»
ድምፁ ላይ እፍረት የለም። ልዘጋበት ነበር... እዚያም ፍየል ማለብ የናፈቃት አንዲት ሴት ትኖር ይሆናል። «በቀጭኗ መርፌ» አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ አለቀስኩ። በንዴት።

የካቲት 19፣ እሑድ
እትዬ ሱአድ ትናንት በሚኒባስ ሹፌር እጅ በሃይላንድ ወተት ላኩልኝ። በገዛ እጃቸው ያለቡት። ቆሜ ጠጣሁት።
የሚመጣው ዓመት ፎርም ሲወጣ ክልል ድረስ ራሴ ነኝ የምወስደው። ለማንም አልሰጥም።
ዛሬ አንዲት እህት ለምስክርነት ቆመች። ገና «ጌታ በር ከፈተልኝ» ስትል ጉባኤው አሜን አለ።
እኔ እስክትጨርስ ጠበቅሁ።