ማስረጃ የተጠየቀበት ብርጭቆ

ለክቡር አቶ ጉልላት ሐብተማርያም
የማታው ኮሌጅ ዲን
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም ጽናት እመኛለሁ። ቀጥዬም ነፍሱን ይማረውና ለባሌ፣ ለንስሐ አባቴም ሆነ ለጎረቤት ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ለእርስዎ እናገራለሁ፤ ማስረጃ ጠይቀዋልና። በርብቃ ጦና ጽሑፍ ውስጥ ብርጭቆ የሰበረችው ሴት እኔ ነኝ።

ሌላ አንባቢ ነገሩ እንዳያደናግረው በአጭሩ ላስረዳ። ርብቃ ከጓሮዬ ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራይታ በእርስዎ ኮሌጅ የምትማር፣ ከጉኑኖ አካባቢ የመጣች የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ዋና ትምህርቷ የሒሳብ አያያዝ ሲሆን በማይነርነት፣ ማለትም በተጓዳኝ ትምህርትነት፣ የመረጠችው የዓለም ባህል፣ ታሪክና ፖለቲካ የሚባለውን ነው። እኔ ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በእጄ የገባውን ሁሉ በማንበብ ሞላሁት። ርብቃ ቀን ሥራዋ ላይ ስትውል ሃንዳውቶቿን እኔ አነብ ነበር። በሕንድ አገር አንዱ ከሚቀዳበት ጉድጓድ ሌላው እንደማይቀዳ፣ በደቡብ አፍሪካ ነጭ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ጥቁር አይቀመጥም ይባል እንደነበር አንብቤ ከንፈሬን መጠጥኩ። ለሩቅ አገር ሰው ከንፈር መምጠጥ አያደክምም።

ርብቃ ግን የመመረቂያ ጽሑፏን ስለ ቅርብ አገር ጻፈችው። እናቷ ወይዘሮ ዳሎቴ እንስራ ተሸክመው ለገበያ ወደ ሶዶ ሲመጡ ሰዉ ሸክላ ሠሪን በሚንቅበት ስም ጭናሻ እያለ ከደጁ እንደማያሳልፋቸው፣ ውሃ ሲጠማቸውም የሚሰጣቸው ለሸክላ ሠሪ ተብሎ አጥር ላይ በተሰቀለ ቅል እንደነበር አሰፈረች። አንድ ቀን በሯ ላይ የኮክ ዛፍ ያላት ሙሽራ ውሃውን በብርጭቆ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ሲመልሱላት ሙሽራዪቱ ብርጭቆውን እዚያው ፊታቸው ከድንጋይ ጋር አላተመችው። «እናቴም ሕፃን እንዳይወጋ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች» ይላል ጽሑፉ።

ያን ዕለት ቅሉ ጠፍቶብኝ ነበር። አማቴ ከበረንዳው ሆነው በብርጭቆ ስሰጥ አዩኝ፤ ለመስበር ማየታቸው በቃኝ። የኮኩን ዛፍ በኋላ ያስቆረጥኩት እኔው ነኝ። ርብቃ የምትኖርበት ግቢ ያ ግቢ መሆኑን አታውቅም ነበር። ጽሑፉን ሰጥታኝ «እትዬ ፈጠነች፣ ያልገባዎት ቦታ ካለ ይንገሩኝ» ስትለኝ ሁሉም ገብቶኛል አልኳት።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፦ ቤቴ ድረስ በእግርዎ መጥተው፣ ውሃዬን ጠጥተው፣ «እርስዎ እንደ እናቷ ነዎት፤ ጽሑፉን ታስረክበን፣ በባህል ቀን እንግዶች ፊት ራሷ ታነበዋለች» ብለው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ልጅቱ ሌላ ቅጂ ስላልነበራት ሠግታ ነበር። «ቢያስቀሩብኝስ፣ እትዬ?» ስትለኝ «የተማረ ሰው ቃሉን አያጥፍም» ብዬ ያግባባኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሁለታችንም ነው።

ሁለተኛ፦ በባህል ቀን ርብቃን ከመድረኩ አንስተው ከአዳራሹ በር ላይ፣ ከእናቷና ከእናቷ ሸክላ ጋር ለዕይታ ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። እንስራዎቹ የማንነታችን መገለጫ ናቸው ተብለው በጭብጨባ ወደ ውስጥ ሲገቡ የሠሯቸው እጆች ውጭ ቀሩ። ለእኛ ለተጋባዦች ለስላሳው በብርጭቆ ሲቀርብ ለእናትና ልጅ በሚጣል የላስቲክ ኩባያ ተላከላቸው። ይህ ታላቅ ሥልጣኔ ነው፤ ቅል አይሰቀል፣ ብርጭቆ አይሰበር፣ ኩባያው ብቻ ይጣላል። እኔም ወይዘሮ ዳሎቴን ገና ከሩቅ አውቄያቸው፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ በብርጭቆዬ እጠጣ ነበር። አልተነሳሁም።

ሦስተኛ፦ የብርጭቆው ታሪክ ያለበትን ገጽ ከጽሑፉ ላይ ቀደው «ወላይታ ራሳችንን ችለን ዞን ከሆንን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላን ስማችንን ታጠፊያለሽ? እንዲህ ያለ ነገር እዚህ የለም። ነበረ ካልሽ ሴትዮዋን አምጪ፤ አለዚያ ስለ ሌላ አገር ጻፊ» ስላሏት አመሰግናለሁ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ርእሷን ካልቀየረች የማይነሩ ውጤት እንደማይሰጣት፣ ያለ እሱም እንደማትመረቅ ነግረዋታል። ስለ ሕንዱ ጉድጓድ ብትጽፍ ግን ሙሉ ማርክ አላት። ግፍ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ካልመጣ ትምህርት እንደማይሆን ከሃንዳውቶቹ ሁሉ ያላገኘሁትን ከእርስዎ ተማርኩ።

እንግዲህ ሴትዮዋ ይኸው መጣች። የኮኩ ጉቶ በሬ ላይ አለ፤ መጥተው ይዩት። ለሠርጌ የተሰጡኝ ስድስት ብርጭቆዎችም አምስት ናቸው። ገጹን መልሰው ለርብቃ ይስጧት፤ እንግዶቹን እንደገና ይጥሯቸው፤ ጽሑፏን ራሷ ታንብበው። ከዚያ ቦታ ስትደርስ እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እቆማለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ አንዱ ቅጂ ለእርስዎ፣ አንዱ ለኮሌጅዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። የመጀመሪያውን ግን ለርብቃ ሰጥቻታለሁ፤ ጉኑኖ ወርዳ ለእናቷ ለወይዘሮ ዳሎቴ ታነብላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ጓሮዬ ትመለስ እንደሆነ አላውቅም። ክፍሏን ለሌላ አላከራየውም።

ቃልዎን አምና የሰው ልጅ ያሳመነች፣
ትሑት አክባሪዎ
ፈጠነች ተክለጻድቅ
ግንቦት 1994 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ቤቴ የመጡ ዕለት ውሃ የጠጡት ከአምስቱ ብርጭቆዎች በአንዱ ነበር። አይሥጉ፣ አልሰበርኩትም። ወይዘሮ ዳሎቴ ይቅር ብለውኝ ከደጄ ካለፉ ውሃ የማቀርብላቸው በእሱ ነው። እርስዎ የጠጡበት መሆኑን ግን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ከተጸየፉት በሌላ እቀዳላቸዋለሁ።